የሕዝብ ግንኙነት ሙያ በመገናኛ ብዙኃንና በፖለቲካ መካከል

ሕዝብ ግንኙነት አንድ ተቋም ከሚያገለግለው ሕዝብ ጋር በመተማመን ላይ የተመሠረተ ግንኙነት እንዲኖረው ለማድረግ በዕቅድ የሚከናወን ሙያዊ ተግባር ነው። ተቋሙ የሚሠራውን ለሕዝብ ማሳወቅ የሥራው አንዱ ገጽ ሲሆን፣ ሕዝቡ ስለ ተቋሙ የሚያስበውንና የሚያማርርበትን ጉዳይ ሰብስቦ ለበላይ ኃላፊዎች ማቅረብ ደግሞ ሌላው ገጽ ነው። በተግባር ግን ሁለተኛው ገጽ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚህም ምክንያት ሙያው ጋዜጣዊ መግለጫ ከማዘጋጀት፣ በዓላትን ከማድመቅና መጽሔት ከማሳተም ያለፈ እንዳልሆነ ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ በሁለት ወገን ይፈለጋል። ጋዜጠኛው ትክክለኛና ፈጣን መረጃ ይሻል። የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በአብዛኛው የፖለቲካ ተሿሚ እንደመሆኑ የመሥሪያ ቤቱም ሆነ የራሱ ስም በመልካም እንዲነሳ ይፈልጋል። ባለሙያው ደመወዙ የሚከፈለው ከሕዝብ ግብር ሲሆን የሥራ ትእዛዝ የሚቀበለው ግን ከተሿሚው ነው። ከዚህ አቀማመጥ የተነሳ አንድ ጥያቄ በሙያው ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ሲነሳ ቆይቷል። ይኸውም ባለሙያው ለሕዝብ የሚያደርሰው መረጃ እውነት መሆኑን የማጣራት ኃላፊነት አለበት ወይስ የተሰጠውን ማስተላለፍ ብቻ ይበቃዋል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው በሦስት አገሮች ምን መልስ እንዳገኘ ከተመለከተ በኋላ በአገራችን ያለውን ሁኔታ ይዳስሳል።

የአይቪ ሊ መርሆዎችና የኮሎራዶው መግለጫ

ሕዝብ ግንኙነት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ መታየት የጀመረው በአሜሪካ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። ከዚያ በፊት ሰርከስ፣ ቲያትርና መሰል ትርኢቶችን በጋዜጦች የሚያስተዋውቁ ወኪሎች ነበሩ። ለእነዚህ ወኪሎች ዋናው ነገር የደንበኛቸው ስም በጋዜጣ መውጣቱ እንጂ የወጣው ነገር እውነትነት አልነበረም። ታላላቆቹ የባቡርና የማዕድን ኩባንያዎች በአንጻሩ ለጋዜጠኛ በራቸውን ዘግተው መቀመጥን ይመርጡ ነበር። አደጋ ሲደርስ መደበቅ፣ ጥያቄ ሲቀርብ ዝም ማለት የተለመደ አሠራራቸው ነበር። ጸሐፊዎች የኩባንያዎቹን ብልሹ አሠራር መርምረው ማጋለጥ ሲጀምሩ ግን ዝምታው የሚያዋጣ ሳይሆን ቀረ።

በዚህ ጊዜ ብቅ ካሉት ሰዎች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሱት እ.ኤ.አ ከ1877 እስከ 1934 የኖሩት አይቪ ሊ ናቸው። ሊ በኒውዮርክ ጋዜጦች በዘጋቢነት ከሠሩ በኋላ ወደ አማካሪነት የተዛወሩ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1906 የድንጋይ ከሰል ባለንብረቶችን ወክለው በሚሠሩበት ወቅት ለጋዜጣ አዘጋጆች የመርሆዎች መግለጫ አሠራጩ። በመግለጫው ቢሯቸው በድብቅ የሚሠራ እንዳልሆነ፣ ሥራቸው ዜና ማቅረብ እንጂ ማስታወቂያ አለመሆኑን፣ የሚሰጡት መረጃ ትክክለኛ እንደሚሆንና ማናቸውም አዘጋጅ ነገሩን ለማጣራት ቢፈልግ በደስታ እንደሚረዱት አስታወቁ። መግለጫው እስከ ዛሬ ድረስ በሙያው ማስተማሪያ መጻሕፍት ይጠቀሳል።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 28 ቀን የፔንሲልቫኒያ ባቡር ኩባንያ ንብረት የሆነ ባቡር በአትላንቲክ ሲቲ ከድልድይ ወደ ውኃ ወድቆ ከ50 በላይ መንገደኞች ሞቱ። ሊ ስለ አደጋው የሚታወቀውን የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጅተው ለጋዜጠኞች እንዲታደል አደረጉ። ኒውዮርክ ታይምስ ጽሑፉን እንዳለ አትሞ አወጣው። ዛሬ ጋዜጣዊ መግለጫ የምንለው አሠራር ፈር የያዘው በዚህ አጋጣሚ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ኩባንያው አደጋውን ከመደበቅ ይልቅ በመናገሩ የተሻለ ተቀባይነት እንዳገኘ የዘርፉ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ።

የሊ ታሪክ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለሙያው ጥሩ አርአያ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ከስምንት ዓመታት በኋላ ግን መርሆዎቹን የሚፈትን ነገር ተከሰተ። በኮሎራዶ ግዛት የሮክፌለር ቤተሰብ ከፍተኛ ድርሻ በነበረው የማዕድን ኩባንያ የሚሠሩ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ላይ ነበሩ። ከኩባንያው ቤቶች ተባረው ከነቤተሰቦቻቸው በድንኳን ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ ኤፕሪል 20 ቀን 1914 ሉድሎ በተባለው ሥፍራ የግዛቲቱ ብሔራዊ ዘብና የኩባንያው ጠባቂዎች በድንኳኖቹ ላይ ተኩስ ከፈቱ፤ ድንኳኖቹም ተቃጠሉ። በዕለቱ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከእነዚህም ውስጥ 11ዱ በአንድ ድንኳን ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ተጠልለው የነበሩ ሕፃናት ነበሩ።

ሮክፌለሮች አይቪ ሊን ቀጠሩ። ሊ የኩባንያውን አቋም የሚያስረዱ ተከታታይ በራሪ ጽሑፎች አዘጋጅተው ለጋዜጣ አዘጋጆች፣ ለባለሥልጣናት፣ ለመምህራንና ለሃይማኖት አባቶች አሠራጩ። በጽሑፎቹ ውስጥ ከነበሩት ስሕተቶች ዋነኛው የሠራተኛ ማኅበሩን መሪዎች ክፍያ የሚመለከት ነበር። የዓመት ክፍያቸው የዘጠኝ ሳምንት ክፍያ ተደርጎ በመቅረቡ መሪዎቹ በአድማው የሚከብሩ አስመስሏቸዋል። ስሕተቱ ከታወቀ በኋላም ማረሚያው ሳይሠራጭ ወራት ተቆጠሩ።

እ.ኤ.አ በ1915 የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው የኢንዱስትሪ ግንኙነት መርማሪ ኮሚሽን ሊን ጠርቶ መረጃውን እንዴት እንዳጣሩ ጠየቃቸው። መልሳቸው ከኩባንያው ኃላፊዎች የተሰጣቸውን እንደተቀበሉና በራሳቸው እንዳላጣሩ የሚያምን ነበር። ባለቅኔው ካርል ሳንድበርግና ደራሲው አፕተን ሲንክሌር በጽሑፎቻቸው ክፉኛ ወረፏቸው። ሲንክሌር ያወጡላቸው የፌዝ ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም። በእርግጥ ሊ በዚያው ዓመት ወጣቱን ሮክፌለር ኮሎራዶ ድረስ ሄዶ ከማዕድን ሠራተኞቹ ጋር ፊት ለፊት እንዲነጋገር ከመከሩት መካከል ናቸው። ይህ ምክር መልካም ምክር ነበር፤ ይሁንና በራሪ ጽሑፎቹ ያደረሱትን ጉዳት አላነሳም።

ከጦርነቱ ዘመን ወዲህ

የአሜሪካ መንግሥት ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲገባ እ.ኤ.አ በ1917 በጋዜጠኛው ጆርጅ ክሪል የሚመራ የሕዝብ ማስታወቂያ ኮሚቴ አቋቋመ። በዚህ ኮሚቴ ውስጥ ከሠሩት ወጣቶች አንዱ ኤድዋርድ በርኔይስ ነበሩ። በርኔይስ የሥነ ልቡና ሊቁ ሲግመንድ ፍሮይድ የእኅት ልጅ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ በ1923 እና በ1928 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የሕዝብን አስተያየት በዕውቀት መቅረጽ እንደሚቻል አስተምረዋል። በ1929 በኒውዮርክ የፋሲካ ሰልፍ ላይ ሴቶች ሲጋራ እያጨሱ እንዲታዩ አድርገው ድርጊቱን የነፃነት ምልክት ያስመሰሉትም እርሳቸው ናቸው። ከጀርባ የነበረው ከፋይ የትንባሆ ኩባንያ መሆኑን ጋዜጦቹም አንባቢውም በጊዜው አላወቁም ነበር።

ከበርኔይስ በኋላ የመጡ ምሁራን ሙያውን ከዚህ አካሄድ ለመለየት ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ በ1984 ጄምስ ግሩኒግና ቶድ ሃንት ባሳተሙት መጽሐፍ የሕዝብ ግንኙነት አሠራሮችን በአራት ከፍለዋቸዋል። በየትኛውም መንገድ ስምን ማስነሳት፣ ትክክለኛ መረጃን በአንድ አቅጣጫ መስጠት፣ የሕዝብን ስሜት አጥንቶ ማሳመንና ተቋሙ ራሱን ጭምር ለመለወጥ ተዘጋጅቶ ከሕዝብ ጋር መነጋገር የሚሉ ናቸው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ይኸው አከፋፈል ይሰጣል። በአራተኛው መንገድ የሚሠራ ተቋም ማግኘት ግን በየትኛውም አገር ቀላል አይደለም።

ማጣራት ሲቀር ጉዳቱ እስከ ምን እንደሚደርስ የሚያሳየው ሌላው የአሜሪካ ምሳሌ ከኩዌት ጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። ኢራቅ ኩዌትን ከወረረች በኋላ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 10 ቀን 1990 ናይራ በሚል ስም ብቻ የቀረበች የ15 ዓመት ልጃገረድ በአሜሪካ ምክር ቤት አባላት የሰብዓዊ መብት ቡድን ፊት ቀርባ የኢራቅ ወታደሮች ጨቅላ ሕፃናትን ከሆስፒታል ማሞቂያ አውጥተው ሲጥሉ ማየቷን ተናገረች። ዝግጅቱን ያቀናበረው ሂል ኤንድ ኖልተን የተባለው የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ሲሆን፣ ክፍያው በአብዛኛው የመጣው ከኩዌት መንግሥት ነበር። ቡድኑ መደበኛ የምክር ቤት ኮሚቴ ስላልነበረ ልጅቷ ቃለ መሐላ አልፈጸመችም። ቴሌቪዥኖች ምስሉን ደጋግመው አሳዩት፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽም ታሪኩን በንግግሮቻቸው አነሱት። ሴኔቱ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 1991 ጦርነቱን 52 ለ47 በሆነ ጠባብ ድምፅ ሲፈቅድ ታሪኩን የጠቀሱ አባላት ነበሩ። ልጅቷ በዋሽንግተን የኩዌት አምባሳደር ልጅ መሆኗ ለሕዝብ የተነገረው ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 1992 ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሆስፒታሎቹ የሄዱ መርማሪዎች ታሪኩን የሚደግፍ ማስረጃ አላገኙም።

በዚህ ጉዳይ ድርጅቱን ብቻ መውቀስ አይበቃም። ልጅቷ ማን ናት ብሎ ለመጠየቅ የጋዜጠኛ መታወቂያ ከመያዝ የበለጠ ነገር አያስፈልግም ነበር።

የብሪታንያ ልምድ፡ የመንግሥት ሠራተኛው ትእዛዝ ከማን ይቀበላል?

ለመንግሥት ሠራተኛ ከአሜሪካ ድርጅቶች ይልቅ ቅርብ የሚሆነው የብሪታንያ ልምድ ነው። በዚያች አገር የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ የሆኑ ቋሚ የሲቪል ሰርቪስ ባልደረቦች ናቸው። መንግሥት ሲለወጥ እነርሱ አይለወጡም። የመንግሥትን ፖሊሲ ያስረዳሉ፣ የገዥውን ፓርቲ የምርጫ ቅስቀሳ ግን አይሠሩም። ሚኒስትሮች ለፖለቲካው ሥራ የሚረዷቸው ልዩ አማካሪዎች ለብቻቸው አሏቸው። ምርጫ ሲቃረብም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለውድድሩ ጥቅም ሊሰጡ የሚችሉ መግለጫዎችን ከማውጣት ይቆጠባሉ።

እ.ኤ.አ በሜይ 1997 የሌበር ፓርቲ በቶኒ ብሌር መሪነት ሥልጣን ሲይዝ ይህ ድንበር ተሸረሸረ። የቀድሞው የዴይሊ ሚረር ጋዜጣ የፖለቲካ አዘጋጅ አላስቴር ካምቤል የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቃል አቀባይ ሆኑ። በንግሥቲቱ ስም በወጣ ትእዛዝም ካምቤልና የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጆናታን ፓውል የፖለቲካ ተሿሚዎች ሆነው ሳሉ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኞችን እንዲያዝዙ ተፈቀደላቸው። በሁለት ዓመታት ውስጥ በበርካታ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች የነበሩ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎች ከሥራቸው ለቀቁ ወይም ተነሱ። አዲሱ አሠራር ቀልጣፋ ነበር። መንግሥት በአንድ ድምፅ ይናገራል፣ ለጋዜጦች ክስ በሰዓታት ውስጥ መልስ ይሰጣል፣ የነገውን ዜና ዛሬ ያቅዳል። ብዙ አገሮችም እንደ አርአያ ቀድተውታል።

ዋጋው የታየው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ሁለተኛው የኒውዮርክ ሕንፃ በአውሮፕላን በተመታ በአንድ ሰዓት ውስጥ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ልዩ አማካሪ ጆ ሙር ለባልደረቦቻቸው የኢሜይል መልእክት ላኩ። መልእክቱ ሕዝብ እንዲያየው የማይፈለግ ዜና ካለ ለማውጣት ቀኑ ምቹ መሆኑን የሚያመለክት ነበር። እንደ ምሳሌ የተጠቀሰው የአካባቢ ምክር ቤት አባላት አበል ጉዳይ ነው። መልእክቱ በቀጣዩ ወር ለጋዜጦች ደረሰ። አማካሪዋ ይቅርታ ቢጠይቁም በሚኒስቴሩ ውስጥ በልዩ አማካሪዎችና በቋሚ ሠራተኞች መካከል የነበረው ጠብ አደባባይ ወጣ፤ በፌብሩዋሪ 2002 ሥራቸውን ለመልቀቅ ተገደዱ። ከዚህ በኋላ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ዓርብ ማታ መግለጫ ባወጣ ቁጥር ጋዜጠኛው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ሊደብቁ ነው የሚለውን ሆነ።

ከባዱ ነገር የመጣው በኢራቅ ጉዳይ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 2002 ባሳተመው ሰነድ ኢራቅ ከጦር መሣሪያዎቿ አንዳንዶቹን በ45 ደቂቃ ውስጥ ለመጠቀም ትችላለች የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። በሜይ 2003 የቢቢሲ ዘጋቢ አንድሩ ጊሊጋን ሰነዱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ግፊት እንዲጋነን ተደርጓል የሚል ዘገባ አሠራጩ። በመንግሥትና በቢቢሲ መካከል የተነሳው ክርክር የዘጋቢው ምንጭ ማን ነው ወደሚለው ተሸጋገረ።

የመከላከያ ሚኒስቴር የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች በዚህ ጊዜ የተሰጣቸው መመሪያ በሙያው ታሪክ ሊጠና የሚገባው ነው። የምንጩን ስም ራሳቸው አይናገሩም፤ ጋዜጠኛ ትክክለኛውን ስም ከጠራ ግን ያረጋግጣሉ። ጋዜጠኞች ስም እየደረደሩ መጠየቅ ጀመሩ። የአንድ ጋዜጣ ዘጋቢ ትክክለኛው ስም ላይ እስኪደርስ ድረስ 20 ያህል ስሞች እንደጠራ ተመዝግቧል። በዚህ መንገድ የጦር መሣሪያ ባለሙያው የዶክተር ዴቪድ ኬሊ ስም ወጣ። ኬሊ ጁላይ 18 ቀን 2003 በመኖሪያቸው አቅራቢያ ሞተው ተገኙ።

ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ሃተን እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2004 ባወጡት ሪፖርት ኬሊ ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ እንዳጠፉ ደመደሙ። በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች መንግሥትን ነፃ አድርገው የቢቢሲን የአርትኦት አሠራር ነቀፉ፤ የቢቢሲ የቦርድ ሰብሳቢና ዋና ዳይሬክተርም ሥራቸውን ለቀቁ። ሚኒስቴሩ ስማቸው ሊረጋገጥ እንደሚችል ለኬሊ ባለመንገሩ ግን ተወቅሷል። በዚያው ዓመት ጁላይ የቀረበው የሎርድ በትለር ሪፖርት በበኩሉ የ45 ደቂቃው ዓረፍተ ነገር ምንን እንደሚመለከት ሳይብራራ በሰነዱ መካተት እንዳልነበረበት ገለጸ። በኢራቅም የተባለው የጦር መሣሪያ ክምችት አልተገኘም።

ከእነዚህ ሁሉ ሪፖርቶች ለሕዝብ ግንኙነት ሙያ ቅርብ የሆነው ብዙም ያልተወራለት ነው። በቦብ ፊሊስ የተመራው ገለልተኛ አጥኚ ቡድን በጃንዋሪ 2004 ባቀረበው ጥናት በመንግሥት፣ በመገናኛ ብዙኃንና በሕዝብ መካከል የነበረው መተማመን በሦስቱም አቅጣጫ መፍረሱን አመለከተ። መንግሥት ዜናን ለራሱ በሚመች መልኩ ማጠማዘዙና መገናኛ ብዙኃን በአንጻሩ ሁሉን በጥርጣሬ መቀበላቸው ተመጋግበው ሕዝቡ ሁለቱንም እንዳያምን አድርገዋል ማለት ነው። ጥናቱ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን በከፍተኛ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲመራና የፖለቲካ አማካሪዎች ድርሻ በግልጽ እንዲለይ መከረ፤ ለሥራውም ቋሚ ጸሐፊ በዚያው ዓመት ተሾመ። ካምቤል ቀደም ብለው በኦገስት 2003 ሥራቸውን ለቅቀው ነበር። የፖለቲካ ተሿሚዎች ቋሚ ሠራተኞችን እንዲያዝዙ የፈቀደው ትእዛዝ የተሻረው ጎርደን ብራውን እ.ኤ.አ በ2007 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ነው።

በደቡብ አፍሪካ የደረሰው ደግሞ የግሉን ዘርፍ ይመለከታል። ቤል ፖቲንገር የተባለው ታዋቂ የለንደን ድርጅት እ.ኤ.አ በ2016 ከፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ጋር በነበራቸው ቅርበት ይወቀሱ ለነበሩት የጉፕታ ቤተሰብ ኩባንያዎች ተቀጠረ። ድርጅቱ የሕዝቡ ቁጣ ከቤተሰቡ ወደ ነጮች ካፒታል እንዲዞር የሚያደርግ ዘመቻ አካሄደ። የተቃዋሚው ዴሞክራቲክ አሊያንስ ፓርቲ ክስ አቀረበ፤ የብሪታንያ የሕዝብ ግንኙነት ማኅበርም ዘመቻው የዘር ጥላቻን ሊቀሰቅስ የሚችል ነበር በማለት በሴፕቴምበር 2017 ድርጅቱን ከአባልነት አባረረው። ደንበኞች ጥለውት ሄዱ፤ ድርጅቱ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፈረሰ። የራሱ ሙያ ማኅበር ባወጣው ውሳኔ አንድ ትልቅ ድርጅት በዚህ ፍጥነት ሲከስም ማየት የተለመደ አይደለም።

በአገራችን

በኢትዮጵያ የመንግሥት የመረጃ ሥራ በተለያዩ ጊዜያት የተሰጠው ስያሜ በራሱ የየዘመኑን አስተሳሰብ ያመለክታል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማስታወቂያ ሚኒስቴር ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት በደርግ ዘመን የማስታወቂያና የብሔራዊ መመሪያ ሚኒስቴር ተባለ። ማስታወቅ ብቻ ሳይሆን መምራትም ተጨመረበት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንደገና ማስታወቂያ ሚኒስቴር ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2001 ዓ.ም ፈርሶ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ይህም በ2011 ዓ.ም ሲቀር ሥራው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት የፕሬስ ሴክሬታሪያት ተዛወረ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ተቋቁሟል። በየሚኒስቴሩ ያለው የሥራ ክፍልም ሕዝብ ግንኙነት፣ ኮሙኒኬሽን፣ ሕዝብ ግንኙነትና ኮሙኒኬሽን እየተባለ ስሙ ተለዋውጧል። በክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ሰው የዕለት ሥራ ግን በስያሜው ልክ አልተለወጠም።

ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ዕቅዱ ሲነደፍ አልነበረም፣ ችግሩ ሲነሳ አልተጠራም፤ ለምረቃው ግን ካሜራ ይዞ እንዲመጣ ይነገረዋል። ጋዜጠኛውም ለአውደ ጥናቱ መክፈቻ ተጋብዞ ንግግሩን ቀድቶ፣ አዘጋጁ የሚሰጠውን አበል ፈርሞ ይመለሳል። ከዚያ የሚወጣው ዜና ኃላፊው አሳሰቡ፣ ገለጹ፣ ጥሪ አቀረቡ በሚሉ ቃላት የተሞላ ነው። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው የሚሠሩት በመሆኑ ቅሬታ የሚያቀርብ የለም። በዚህ ዜና ያልተጠቀመው አንባቢው ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የገጠመውን አንድ ነገር እዚህ ላይ መጥቀስ ይቻላል። አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣው መግለጫ በሦስት ወራት ውስጥ ተጠናቀቁ የተባሉ የውኃ ጉድጓዶችን ብዛት ይጠቅስ ነበር። ቁጥሩ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ለዓመቱ በሙሉ ካቀደው በልጦ በመገኘቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በስልክ ተጠየቁ። መልሳቸው ከዕቅድ ክፍል የተሰጠኝን ነው የላክሁት የሚል ነበር። በትሕትና የተሰጠ፣ ምንም ክፋት የሌለበት መልስ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲጣራ የተጠናቀቁትና ገና በመቆፈር ላይ ያሉት ተደምረው መቅረባቸው ታወቀ። ዜናው ግን ጧት በሬዲዮ ተላልፎ ነበር። በአካባቢው ያሉ ውኃ የሚጠብቁ ነዋሪዎች ጉድጓዱ አለመጠናቀቁን ለማወቅ መግለጫም ሆነ ማረሚያ አያስፈልጋቸውም። ያላወቁት ነገር ቢኖር ስሕተቱ የተሠራው ባለማጣራት መሆኑን ነው፤ ለእነርሱ የሚመስላቸው መዋሸት ነው።

በዚህ ረገድ ባለሙያው ብቻውን ተጠያቂ ሊሆን አይገባም። ቁጥር ከየት እንደመጣ የመጠየቅ ሥልጣን ያልተሰጠው፣ በማኔጅመንት ስብሰባ የማይቀመጥና የሥራ ክፍሎች ፋይላቸውን የማይከፍቱለት ሰው ሊያጣራ አይችልም። ኃላፊዎች ገጽታ ግንባታ የሚለውን ቃል ይወዱታል። ገጽታ የሚገነባው ግን የመሥሪያ ቤቱ አገልግሎት በሚሰጥበት መስኮት ላይ ነው፤ መስኮቱ ላይ የሚጉላላ ባለጉዳይ መጽሔቱን አንብቦ ሐሳቡን አይለውጥም። የባለጉዳዩን ምሬት በጽሑፍ ወደ ላይ የሚያቀርብ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ከመጽሔቱ ይልቅ ለኃላፊው ይጠቅመዋል፤ ምንም እንኳ በጊዜው ባያስደስተውም።

ሕጉ ባለሙያውን ከሚታሰበው በላይ ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 29 የፕሬስ ነፃነት የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን እንደሚያካትት ከገለጸ በኋላ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ይህ ድንጋጌ እኛንም ይመለከታል።

በ2000 ዓ.ም የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ የመረጃ ጥያቄ ተቀብሎ ምላሽ የሚሰጠው የመንግሥት አካሉ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። መገናኛ ብዙኃንን የሚመለከተው የአዋጁ ክፍል በ2013 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሲተካ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል አልተነካም። በድንጋጌው መሠረት ኃላፊው ጥያቄው በቀረበለት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ግን በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት፤ ካልፈቀደም ምክንያቱን መግለጽ ይጠበቅበታል። ለዕለታዊ ዜና 30 ቀን ረጅም ጊዜ ነው። ብዙ ዘጋቢዎችም መብቱን በጽሑፍ ከመጠየቅ ይልቅ የሚያውቁትን ሰው መደወል ይቀላቸዋል። የተከለከለ ጠያቂ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤቱታውን ለማቅረብ ይችላል።